እርድ የነካው እንቁላል

ባለቤቴ እግሩን የተቃጠለው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አዋሽን አልፎ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት የመኪናው ውሃ ፈላበት። ራዲያተሩን ሊከፍት ሲሞክር ውሃው ገንፍሎ ከጉልበቱ በታች ያለውን ገላ ላጠው። ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በዚያው እግሩ ፍሬን እየረገጠ ናዝሬት ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ሳየው የሱሪው አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ተቀዷል።

"ምንም አይደለም። ሻይ አለ?" አለኝ።

ምንም አይደለም ያለው ቁስል ግን ሳምንታት አልፈውትም አልድን አለ።

ናዝሬት ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቀበሌው ያከራየን ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ሁለት ቤት አንድ ግቢ ይጋራል፣ መሐሉ ላይ አንዲት ፓፓያ ቆማለች። በወዲያኛው ቤት የሚኖሩት ሴት ቅመም ነጋዴ ነበሩ። የአርሲ ኦሮሞ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጅ የላቸውም። እኔ "አዴ" ነበር የምላቸው፤ በእሳቸው አገር ታላቅ ሴት የምትጠራው እንዲያ ነው። እሳቸው ደግሞ "ኢንታላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

መጀመሪያ የተዋወቅነው ግን በጉርብትና አይደለም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ስለነበር እኛ መምህራን ከሥራ በኋላ በቀበሌው ጣቢያ ፊደል እናስቆጥራለን። አዴ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ቀኑን ሙሉ እርድ ሲወቅጡና ሲሰፍሩ ስለሚውሉ ጣታቸው ቢታጠብም ቢጫነቱ አይለቅም። መጽሐፋቸውን ስገልጥ የት ድረስ እንዳጠኑ ሳልጠይቃቸው አውቀዋለሁ፤ አሻራቸው ያለበት ገጽ የተነበበ ነው፣ ነጩ ገጽ ያልተነካ ነው። አንድ ቀን ከጣቢያው ስንመለስ ወደ አንድ በር መሄዳችንን ስናውቅ ሁለታችንም ሳቅን። ቤቱን የተረከብነው በዚያው ሳምንት ነበር።

የባሌን ቁስል የሚያጥብለት በሰፈሩ ክሊኒክ የነበረ አንድ ድሬሰር ነው። ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ቁጡ። አንድ ጠዋት ፋሻውን ፈትቶ ብዙ ካየው በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"ቁስሉ ንጹሕ ነው። ግን ገርጥቷል፣ ታያለሽ? ደም እየደረሰው አይደለም። ቀይ ሥጋ ካላበቀለ ቆዳው ከየት ይመጣል?"

ነገሩ ገባኝ። ገላ ሲቆስል አዲስ ሥጋ ዝም ብሎ አይበቅልም። አስቀድመው ከፀጉር የቀጠኑ አዳዲስ የደም ሥሮች ከዳር ተነሥተው ወደ መሐል ይዘረጋሉ፤ ለሚበቅለው ሥጋ ምግብና አየር የሚያደርሱለት እነሱ ናቸው። እነሱ ካልደረሱ ቁስሉ እንደተከፈተ ይቀራል። ይህን ለተማሪዎቼ በጠመኔ እየሳልኩ አስረዳ ነበር። ማታ ባሌ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሲተኛ ግን የማውቀው ሁሉ ምን እንደሚጠቅመኝ ጠፋኝ። እኔ ስለ እሱ ሥጋ ነው የማስበው፤ እሱ የሚያስበው ስለ ቆመችው መኪናው ነው።

አዴ ከሥራ ሲመለሱ ሁልጊዜ በእኛ በር ነው የሚያልፉት። ያን ዕለት ቆም ብለው አዩት።

"ኢንታላ ኮ፣ ይሄ ልጅ እግሩን ሊጥለው ነው እንዴ?"

"ክሊኒክ እየወሰድኩት ነው፣ አዴ።"

"ውሰጂው። እኔ መቼ አትውሰጂው አልኩ? ግን እርድ አልነካውም። በእኛ አገር በሬ ቀንበር ሲልጠው እርድና ማር ነው የሚደረግለት። ከዚያ በሬው ያርሳል።"

ባሌ ከአልጋው ላይ ቀና አለ። "እኔን ከበሬ ጋር ሊያስተያዩኝ ነው?"

"በሬ ይሻላል" አሉት። "በሬ ተኛ ሲሉት ይተኛል።"

በማግስቱ እርዱን ራሳቸው አጥበው፣ አድርቀው፣ በንጹሕ ሙቀጫ ወቅጠው፣ በወንፊት ነፍተው፣ በማር ለውሰው አመጡት። እኔ ልከለክላቸው አሰብኩ፤ አፌም ተከፍቶ ነበር። ባሌ ግን "ይሁን ተያቸው፣ ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ" ብሎ እግሩን ዘረጋላቸው። ማር ለቁስል እንደሚሆን ስለማውቅ በማሩ ተጽናናሁ። ስለ እርዱ ምንም አላውቅም ነበር።

ድሬሰሩ ፋሻውን ሲፈታ ጮኸ። "ምንድን ነው ይሄ? አልጫ ልትሠሪው ነው?"

የሆነውን ነገርኩት። ለጊዜው ተቆጣ፣ በጨው ውሃ አጠበው፣ ከዚያ አጎንብሶ ቁስሉን መረመረ። ፋሻውን መልሶ ሲያስር "የሚጠቀልለው ጨርቅ የተቀቀለ ይሁን። እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። እኔ ምንም አላየሁም" አለ። ከዚያ በኋላ እሱ በጠዋት ያጥባል፣ አዴ በሠርክ ይቀባሉ፤ ሁለቱ አንድ ቀን እንኳን ሳይገናኙ በአንድ እግር ላይ ተባብረው ሠሩ። አንሶላችን፣ ትራሳችን፣ የባሌ ቁምጣ፣ ሁሉም ቢጫ ሆነ። ግቢው ውስጥ የሚተኛው የማንም ያልሆነው ነጭ ውሻ ሳይቀር ጆሮው ቢጫ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ቁስሉም መቅላት ጀመረ። መጀመሪያ ከዳሩ፣ እንደ አሸዋ የደቀቁ ቀያይ ነጥቦች ታዩ። ከዚያ ወደ መሐል ገቡ። እያንዳንዷ ነጥብ አዲስ የበቀለች የደም ሥር ጫፍ እንደሆነች አውቃለሁና ፋሻው በተፈታ ቁጥር ተንበርክኬ አያለሁ። ባሌ "እንደ አጥቢያ ኮከብ አየሽኝ" እያለ ይስቅብኛል። ቆዳው ከላይ ሲዘጋ ሦስት ባለቤቶች መጡለት። ድሬሰሩ የጨው ውሃዬ ነው አለ። አዴ እርዴ ነው አሉ። ባሌ ደግሞ "እኔ እኮ ተኝቼ ነው የዳንኩት፤ ለመተኛቴ ማንም አላመሰገነኝም" አለ።

እኔ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። እርዱ የደም ሥር እንዲበቅል አድርጎ ይሆን? ወይስ እግሩ ራሱ ጊዜው ደርሶ ነው? በአንድ እግር ማወቅ አይቻልም፤ ሌላ እግር ደግሞ የለኝም። ያኔ የዩኒቨርሲቲ መምህራችን አንድ ጊዜ ያሳዩን ነገር ትዝ አለኝ። የታቀፈ እንቁላል ቅርፊት ላይ ትንሽ መስኮት ከፍተው ውስጡን አሳይተውን ነበር። ጫጩቷ ገና ነጥብ ሳለች የደም ሥሮቿ በእንቁላሉ ውስጥ እንደ ዛፍ ሥር ሲዘረጉ በዓይን ይታያል። የደም ሥር ሲበቅል ማየት የፈለገ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

ለባሌ ነገርኩት። ድሬሰሩ እግሩ እስኪጠና መንዳት ስለከለከለው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ሊበላ ደርሶ ነበር። ዓይኑ በራ።

"ሳጥኑን እኔ እሠራዋለሁ" አለ።

ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ሳጥን ሠራ። ዙሪያውን በጭድና በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈነው፤ ከሥሩ ፋኖስ አስገባ፣ በአንድ በኩል ውሃ ያለበት ሳህን አኖረ፣ ከላይ አየር ማስገቢያ በሳ። ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አመጣሁ። እንቁላል ከገበያ ገዛንና ከተትን። የናዝሬትን ሙቀት ግን ረስተነው ነበር። ቀትር ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ሳጥኑ ምድጃ ሆነ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሌ አንዱን ልጦ በበርበሬ እየበላ ነበር።

"ተቀቅሏል" አለኝ። "ሳይንስሽ ጨው ብቻ ነው የጎደለው።"

ለሁለተኛው ጊዜ እሱ ራሱ ከሳጥኑ አጠገብ ዘብ ቆመ። ሲሞቅ ፋኖሱን ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል፣ እንቁላሎቹን እያገላበጠ ያናግራቸዋል። እንቁላሉን በዚህኛው ዙር ያመጡልን አዴ ናቸው። ከገበያ የሚገዛው ብዙው አውራ ያልነካው ነው ብለው፣ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ይዛ ለምትመጣ ደንበኛቸው ነግረው በጭድ የተጠቀለለ እንቁላል አስመጡ። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ደስ አላቸው። እርዳቸው ሊመሰገን እንደሆነ አልተጠራጠሩም።

የተጣላነው በአረቄ ነው። እርድ በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ቀለሙን ይለቃል። ባሌ የጓደኛውን አረቄ ሊያመጣ ሲነሣ አዴ ሰሙ።

"እርዴን? በአረቄ? ወላሂ አይሆንም!"

"አዴ፣ ሊጠጣ እኮ አይደለም፤ እንቁላል ላይ ነው..."

"ጫጩቷስ ምን አጠፋች?"

በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ለመብራት የሚነደውን ስፒሪት አመጣሁ። እንደማይጠጣ፣ ሲደርቅም ተንኖ እንደሚጠፋ አሳየኋቸው። ጨርቅ ላይ አንጠባጥቤ እስኪደርቅ ጠበቅንና አሸተቱት። ምንም ሽታ ሲያጡ "ይሁን" አሉ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

ከማጣሪያ ወረቀት እንደ ምስር የደቀቁ ክቦች ቆረጥኩ። ግማሾቹን በእርዱ ቀለም ነከርኩ፣ ግማሾቹን በባዶ ስፒሪት ብቻ፣ ሁሉንም አደረቅሁ። ልዩነት ከታየ በእርዱ እንጂ በስፒሪቱ ወይም በወረቀቱ እንዳልሆነ ማወቅ አለብኝ። ምላጭ ያኔ በቀላሉ አይገኝም ነበር፤ ባሌ ጢሙን አሳድጎ ምላጩን ሰጠኝ። እሱ እንቁላሉን በሁለት እጁ ይይዛል፣ እኔ ትንፋሼን ውጬ ቅርፊቱን እበሳለሁ።

የመጀመሪያው መስኮት ሲከፈት አዴ አጠገቤ ነበሩ። አስኳሉ ላይ ቀያይ ክሮች ተዘርግተዋል፤ ከመሐላቸው አንዲት ቀይ ነጥብ ትመታለች። ትመታለች፣ ትመታለች።

"ቢስሚላሂ" አሉ በሹክሹክታ። "ምንድን ናት?"

"ልቧ ናት።"

"ገና ምንም ሳትሆን?"

"ገና ምንም ሳትሆን።"

ብዙ ዝም ብለው አዩ። የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። "ዝጊው፣ ይበርዳታል" አሉኝ በመጨረሻ። ወረቀቱን በቀስታ አስቀምጬ መስኮቱን ከድሬሰሩ በለመንኩት ፕላስተር ዘጋሁት።

በዚህ መካከል ቀበሌው ሰማ። አንድ ከሰዓት አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ በር ላይ ቆመ።

"ጓድ መምህርት፣ በዚህ ቤት ውስጥ ውስጡ መብራት ያለው ሳጥን አለ ተብሎ ተጠቁሟል።"

በዚያ ዘመን ሳጥን ማለት ሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮ ማለት ሌላ ነገር ነው። ባሌ ቀድሞኝ ተነሣ። "ና ግባ፣ አንተም እየው" አለውና ክዳኑን ከፈተለት። ሰውየው በሩቁ አንገቱን አስግጎ አየ። እንቁላል መሆኑን ሲያይ ቀረበ። አንዱን መስኮት ከፍቼ አሳየሁት። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

"እሷ የምትንቀሳቀሰው... ልብ ናት?"

"ልብ ናት።"

"ታዲያ ይህን ለምን ትሰብሩታላችሁ?"

የሚያሳፍር ጥያቄ ነበር። ስለ ቁስሉ፣ ስለ እርዱና ስለ ደም ሥሮቹ ነገርኩት። እየሰማ ራሱን እየነቀነቀ ቆየና ሲነሣ "ያልከፈታችኋቸው ካሉ ይፈልፈሉ። ለእናቴ አንድ ሁለት ትሰጡኛላችሁ" አለ። ከዚያ በኋላ በሠፈሩ ሲያልፍ "እንዴት ናቸው?" ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። ጫጩቶቹም ሲፈለፈሉ ድርሻውን ወሰደ።

የወረቀቶቹ ውጤት የታየ ቀን እሑድ ነው። ሦስታችንም በረንዳው ላይ ነበርን። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ያለባቸውን ከፈትኩ። የደም ሥሮቹ ወረቀቷን ከምንም ሳይቆጥሩ ከሥሯ አልፈው ተሻግረው ሄደዋል። ከዚያ ቢጫዎቹን ከፈትኩ። በአንደኛው ውስጥ ቀያዮቹ ክሮች ወደ ቢጫዋ ወረቀት ሲጠጉ እየቀጠኑ መጥተው ቆመዋል። ሌሎቹ ዞረዋት ሄደዋል። ዙሪያዋ ገረጣ ያለ ክብ ሆኗል። በሁለተኛውም እንዲያው ነበር። በሦስተኛው ልዩነቱ እምብዛም አልታየኝም፤ አንዱ ደግሞ ሞቶ አገኘሁት።

እኔ የጠበቅሁት ቢጫዋ ጋ ሥሮቹ ተሰብስበው እንዲታዩ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። አዴ ፊቴን አይተው "ምንድን ነው?" አሉ። ልዋሽላቸው ፈለግሁ፤ ግን ራሳቸው አጎንብሰው አይተዋል።

"እርዱ ያለበት ጋ አልመጡም" አሉ።

"ብዙዎቹ አልመጡም።"

"ከለከላቸው?"

"የከለከላቸው ይመስላል፣ አዴ። ግን እንቁላሎቹ ጥቂት ናቸው። መጠኑንም በትክክል አልመዘንኩም። አብዝቼበት ይሆናል።"

"ታዲያ የልጁን እግር ማን አዳነው?"

"አላውቅም።"

ባሌ ጣልቃ ገባ። "እኔ እኮ ነገርኳችሁ፤ እንቅልፍ ነው።"

አዴ አልሳቁም። ቅር አላቸው ብዬ ሰጋሁ። በማግስቱ ገበያ ስሄድ ግን ለቅመም ሴቶቹ ሁሉ ታሪኩን እየተረኩ አገኘኋቸው፤ "ሥሩ መጣ፣ መጣ፣ መጣ፣ እርዴን ሲያይ ቆመ!" እያሉ በሁለት እጃቸው ያሳያሉ። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይሰማሉ። የተሸነፉ አይመስሉም ነበር፤ እንዲያውም እርዳቸው ኃይለኛ መሆኑን ያየ ሰው ኩራት ነበረባቸው። ለቁስልም መሸጣቸውን አልተዉም።

በዚያው ዓመት አረገዝኩ። ከባሌ ቀጥሎ የሰሙት አዴ ናቸው። አቀፉኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ማጀቴ ገቡ። ሲወጡ የእርድ ጣሳዬን በብብታቸው ይዘዋል።

"አዴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እስክትወልጂ እኔ ጋ ይቀመጣል።"

"ለምን?"

"አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ። ያን ባዶ ክብ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥር መምጣት አቆመ። አሁን አንቺ ሆድ ውስጥ ሥር እየተዘረጋ አይደል?"

ሳቄ መጣ፤ ግን ቁም ነገራቸውን አየሁና ያዝኩት። አስቀምጬ አስረዳኋቸው። እንቁላሉ ላይ ቀለሙን ቀጥታ ሥሩ ላይ ነው ያደረግነው፤ በወጥ ውስጥ የሚበላ እርድ ሆድ ገብቶ ይፈጫል፣ ደም ውስጥ የሚደርሰው ኢምንት ነው፤ ሴቶች በሙሉ ዕድሜ ልካቸውን እርድ እየበሉ ወልደዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ለስንቱ ነፍሰ ጡር ሸጠዋል። ሁሉንም ሰሙኝ። ጣሳውን ግን ከብብታቸው አላወጡትም።

"ኢምንቱንስ ለምን?" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ኢንታላ ኮ፣ እኔም አርግዤ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁሉም ቀሩብኝ። ለምን እንደቀሩ የነገረኝ ሰው የለም። አንዷ ዓይን በልቶሽ ነው ትላለች፣ አንዷ ሌላ ትላለች። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነገር ይህ አንድ ብቻ ነው። በዚህ ልጠንቀቅልሽ።"

ከዚያ በኋላ ስለ እርድ አልተከራከርኳቸውም። እጃቸውን ያዝኩና ብዙ ተቀመጥን። ልጅ እንደሌላቸው እንጂ አርግዘው እንደነበር አላውቅም ነበር፤ በአንድ ግቢ እየኖርን፣ በየቀኑ እየተያየን። ያን ቀን በእንቁላሉ መስኮት ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ምን እያዩ እንደነበር ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስባለሁ።

በዚያ እርግዝና ወራት ቤታችን ቢጫ ነገር አልገባም። አልጫው እንደ ደመና ነጣ። ባሌ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ከመንገድ ሲመለስ ድስቱን ከፍቶ ያይና "አልጫው ታሞ ነው እንዴ?" ይላል። ገበያ ውስጥም ከሌላ ሴት ልገዛ ብል የሚሸጥልኝ አልነበረም፤ አዴ አስቀድመው ለሁሉም ተናግረዋል። አንዷ ወጣት ነጋዴ "ይቅርታ መምህርት፣ አዴ ይገድሉኛል" ብላ ጆንያዋን ሸፈነችብኝ።

ልጃችን በሰላም ተወለደች። አዴ ከሆስፒታሉ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ውለዋል። ሕፃኗን ሲያቅፏት የመጀመሪያ ሥራቸው መጠቅለያዋን ገልጠው እግሯን ማየት ነበር። ውስጥ እግሯ ቀይ ነው። በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ይነጣል፣ ሲለቁት ደም ተመልሶ ይሞላዋል። ደጋግመው አደረጉት።

"ደርሷል" አሉኝ። "እስከ ጫፍ ደርሷል።"

በሦስተኛው ቀን የበግ አልጫ ሠርተው አመጡ፤ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነበር። "አሁን ብዪ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ በእርድ ውስጥ ያለውን ቢጫ ነገር የሚመረምሩ ሰዎች መኖራቸውን አንብቤያለሁ። በገባኝ መጠን፣ አንድ ቦታ ላይ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ይገታል፤ በቁስል ላይ ግን ሥሮቹ እንዲበቅሉ ሲያግዝ የታየበት ጊዜም አለ። የሚበላው ግን በሰው ደም ውስጥ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለሰው ምን ያህል እንደሚሠራ ገና አልተቆረጠም። የደም ሥር ባልተፈለገበት ቦታ ሲበቅል ደግሞ ጉዳት አለው፤ በዓይን ውስጥም፣ ዕጢ ሲያብጥም። ስለዚህ የሚገታ ነገር ፍለጋ ነው ሰዎቹ የሚደክሙት። እኔ ያየሁት በረንዳ ላይ፣ በምላጭና በፋኖስ የታየ ነገር ነው፤ ማስረጃ ብዬ ለማንም አላቀርበውም። ግን ያየሁት እውነት ነበር፣ አዴም አይተውታል። ይህን ሳነብ ሮጬ የምነግራቸው እሳቸው በሆኑ አልኩ።

ልጃችን ስትቆም ወደ ዝዋይ ተዛወርኩ። ዕቃችን በባሌ መኪና ሲጫን አዴ አላለቀሱም፤ ገመዱ ላልቷል፣ አልጋው ይወድቃል እያሉ ሲቆጡ ዋሉ። ስንነሣ ግን ጋቢናው ውስጥ ልጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘናቸው። ባሌ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

"አዴ፣ ሱቅዎትስ?" አልኳቸው።

"ሱቄ የትም አይሄድም" አሉና ወደ ፊት አዩ። "ንዳው፣ ፀሐዩ ሳይከር።"

ዝዋይ ብዙ ሰነበቱ። ሐይቁን አልወደዱትም፤ ትንኝ አለው። ዓሣም ዓይኑ ስለማይከደን አልበላም ብለው ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከደጅ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ ከእሾሁ እየለዩ ልጄን ሲያጎርሱ፣ በመሐል በመሐል ደግሞ ራሳቸው ሲጎርሱ ደረስኩ። እጃቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

"ለእሷ እየቀመስኩላት ነው" አሉኝ።

"ጥሩ ነው?"

"ጋሪ ነው" አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ ለራሳቸውም ሌላ ቁራሽ አነሡ።